ፊልሙ የማን ነው? የነጻ ፊልም ስቱዲዮዎች አነሳስና አወዳደቅ

በማርች 1992 ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» አምስቱን ዋና ዋና ሽልማቶች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ወንድ ተዋናይ፣ ምርጥ ሴት ተዋናይ እና ምርጥ የፊልም ጽሑፍ። ከዚያ በፊት እነዚህን አምስቱን ባንድ ላይ ያገኙት ሁለት ፊልሞች ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም «ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ» ምርጥ ፊልም ተብሎ በጠቅላላው ሰባት ኦስካር አግኝቷል። ሁለቱንም ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያቀረበው አንድ ድርጅት ነው፦ ኦሪዮን ፒክቸርስ። ይሁንና ሁለተኛው ድል ሲበሰር ኦሪዮን የከሰረ ድርጅት ነበር። ከሦስት ወር በፊት፣ በዲሴምበር 1991፣ አበዳሪዎቹ ንብረቱን እንዳይከፋፈሉት የፍርድ ቤት ከለላ ጠይቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ለሕዝብ ያደረሰ ድርጅት እንዴት ይከስራል? ጥያቄው የኦሪዮን ብቻ አይደለም። ዩናይትድ አርቲስትስ፣ ጎልድክረስት፣ ካነን፣ ካሮልኮ፣ ሚራማክስ፤ እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው የሆሊውድን አንጋፋዎች ያስጨነቁ፣ ከዚያም አንድ በአንድ የተሸጡ ወይም የፈረሱ ናቸው። የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ አንድ ውድ ፊልም ወጣ፣ ተመልካች ጠፋ፣ ቤቱ ፈረሰ ይባላል። የድርጅቶቹን ታሪክ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ግን ይህ መልስ ጎዶሎ ነው። ተመልካች ያጣ ፊልም አውጥቶ የማያውቅ ስቱዲዮ የለም። ልዩነቱ ያ ክፉ ቀን ሲመጣ በእጃቸው የሚገኘው ሀብት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ ነጻ ስቱዲዮን በብዛት የሚጥለው መጥፎ ፊልም መሥራቱ ሳይሆን የጥሩ ፊልሙ ባለቤት አለመሆኑ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይዞራል?

አንድ ፊልም ከሐሳብ ተነሥቶ ሲኒማ ቤት እስኪደርስ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይገባም። ጸሐፊው፣ ተዋናዮቹ፣ የካሜራና የመብራት ባለሙያዎቹ፣ ኤዲተሩ ሁሉ አንድ ትኬት ሳይሸጥ ይከፈላቸዋል፤ የባንኩም ወለድ ይቆጥራል። ፊልሙ ሲወጣ ከትኬቱ ሽያጭ በግምት ግማሹ እዚያው ሲኒማ ቤቱ ጋር ይቀራል። ከቀሪው ላይ አከፋፋዩ ኮሚሽኑንና የማስታወቂያ ወጪውን አስቀድሞ ያነሣል። ለፕሮዲዩሰሩ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው፤ እሱም በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ተከፋፍሎ ይመጣል። ስለዚህ ሕዝብ የተሰለፈለትን ፊልም የሠራ ድርጅት በዚያው ሳምንት ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል።

አንጋፋዎቹ ስቱዲዮዎች ይህን ክፍተት የሚሻገሩት በቀድሞ ሀብታቸው ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠሩት ፊልም ለቴሌቪዥን፣ ለቪዲዮ፣ አሁን ደግሞ ለኢንተርኔት ማሳያዎች እየተከራየ በየዓመቱ ገቢ ያስገባል። ንብረትም አላቸው። ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ክሊዮፓትራ» በተባለው ፊልም ወጪ ሲናጥ በሎስ አንጀለስ የነበረውን ሰፊ የቀረጻ መሬት ሸጦ ተንፍሷል፤ ዛሬ ሴንቸሪ ሲቲ የተባለው ሰፈር የቆመው በዚያ መሬት ላይ ነው። ፎክስ ያን ያህል ቆስሎም አልሞተም፤ በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ»ን አውጥቶ ካሣውን አገኘ። ነጻው ስቱዲዮ ግን የሚሸጥ መሬትም፣ የሚያከራየው የቆየ ፊልምም ሳይኖረው ነው ወደዚሁ ገበያ የሚገባው።

ዩናይትድ አርቲስትስ፦ የእምነት ቤት

የነጻ ፊልም ታሪክ የሚጀምረው በፌብሯሪ 1919 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቻርሊ ቻፕሊን፣ ሜሪ ፒክፎርድ፣ ዳግላስ ፌርባንክስ እና ዳይሬክተሩ ዲ. ደብሊው ግሪፊዝ የራሳቸውን ፊልም ራሳቸው ለማከፋፈል ዩናይትድ አርቲስትስን አቋቋሙ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ አርቲስቱ ተቀጣሪ መሆኑ ቀርቶ የሥራው ጌታ እንዲሆን። ችግሩ ግን መሥራቾቹ ፊልም የሚያወጡት በዝግታ ነበር፤ ማከፋፈያ ድርጅት ደግሞ በየጊዜው የሚያከፋፍለው ካላገኘ ይደርቃል። በ1950ዎቹ መባቻ ድርጅቱ በየሳምንቱ 100 ሺህ ዶላር ገደማ ይከስር ነበር።

በ1951 አርተር ክሪም እና ሮበርት ቤንጃሚን የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ጠበቆች ተረከቡት። በሦስት ዓመት ውስጥ ካተረፉ ግማሹ አክሲዮን የእነሱ እንዲሆን ተዋዋሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት አተረፉ። አሠራራቸው ቀላል ነበር። የፊልሙን ጽሑፍ፣ ዳይሬክተሩን፣ ዋና ተዋናዮቹንና በጀቱን አይተው ካጸደቁ በኋላ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ቀረጻው ላይ ጣልቃ አይገቡም፤ ትርፉንም ከፊልም ሠሪው ጋር ይካፈላሉ። የራሳቸው የቀረጻ ግቢ ስላልነበራቸው በየወሩ የሚከፍሉት ከባድ የአስተዳደር ወጪም አልነበረባቸውም። በ1958 ከ1950 በፊት የተሠሩ የዋርነር ፊልሞችን ክምችት ገዙ፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚገኘው ኪራይ ቋሚ ገቢ ሆነላቸው። ጄምስ ቦንድ ከ1962 ጀምሮ ወደ ሕዝብ የወጣው በዚህ ቤት በኩል ነው። ከ1975 እስከ 1977 የወጡ ሦስት ፊልሞቻቸውም በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ተብለዋል።

ውድቀቱ የጀመረው በስኬቱ መካከል ነው። በ1967 ትራንስአሜሪካ የተባለ የኢንሹራንስና የፋይናንስ ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው። ሥራ አስኪያጆቹ አሁንም ክሪምና ጓደኞቹ ነበሩ፤ ባለቤቶች ግን አልነበሩም። ከባለቤቱ ጋር ለዓመታት ተጋጭተው በጃንዋሪ 1978 አምስት የበላይ ኃላፊዎች አንድ ላይ ለቀቁ። ከስድሳ በላይ የሆሊውድ ሰዎች ስማቸውን በጋዜጣ አስፍረው ትራንስአሜሪካ ትልቅ ስሕተት እየሠራ መሆኑን አስጠነቀቁ። የተተኩት ሰዎች ራሳቸውን ለማስመስከር ሲጣደፉ የማይክል ቺሚኖን «ሄቨንስ ጌት» አጸደቁ። በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የታቀደው ፊልም 44 ሚሊዮን ደረሰ። በኖቬምበር 1980 ኒውዮርክ ላይ ታይቶ በሳምንቱ ተነሣ፤ ከአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው አራት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በ1981 ትራንስአሜሪካ ዩናይትድ አርቲስትስን ለሌላው የሆሊውድ ስቱዲዮ ለኤም ጂ ኤም ሸጠ።

ታሪኩን የሚያወሱ ብዙዎች ጥፋቱን በቺሚኖ ላይ ይጥላሉ። ዳይሬክተሩ አባካኝ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ድርጅቱ በዚያ ኪሳራ ሊሞት የሚገባው አልነበረም፤ ቦንድም፣ «ሮኪ»ም በእጁ ነበሩ። የጠፋው ለሃያ ሰባት ዓመት የተገነባው በፊልም ሠሪውና በድርጅቱ መካከል የነበረ መተማመን ነው። ሩቅ ያለ ባለቤት የፊልም ሥራን የሚያውቀው በሂሳብ መዝገብ ብቻ በመሆኑ፣ መዝገቡ አንድ ቀን ሲቀላ ቤቱን ለመሸጥ አላመነታም።

ኦሪዮን፦ ዝናው የእሱ፣ ፊልሙ የሌላ

የለቀቁት አምስት ሰዎች ወዲያው ኦሪዮንን መሠረቱ። ሙያውም፣ ወዳጅነቱም፣ የፊልም ሠሪዎቹ አክብሮትም ተከትሏቸው መጣ። ያልመጣላቸው የዩናይትድ አርቲስትስ የፊልም ክምችት ነው። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ፊልም የሠሩት ሰዎች ዋነኛ ደጋፊ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ሃያ ሰባት ዓመት የደከሙበትን ሀብት ለሌላ ትተው ከዜሮ ጀመሩ።

ኦሪዮን ያወጣቸውን ፊልሞች ዝርዝር ያየ ሰው ሀብታም ድርጅት ይመስለዋል። በውሉ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነው። ስምንት ኦስካር ያገኘው «አማዴዎስ» ገንዘቡን ያወጣው የፕሮዲዩሰሩ የሶል ዜንትዝ ንብረት ነበር። «ፕላቱን» እና የመጀመሪያው «ተርሚኔተር» ሄምዴል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። የ«ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ» የውጭ አገር መብት አስቀድሞ ለሌሎች ተሸጦ ስለነበር፣ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከሰበሰበው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ኦሪዮንን የሚመለከተው የአሜሪካው ብቻ ነበር። ኦሪዮን ለእነዚህ ፊልሞች በር ከፋች ነበር፤ ገቢው ግን ወደ ሌላ ቤት ገባ።

የራሱ በሆኑት ፊልሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ አልቀናውም። በየዓመቱ ከአሥር በላይ ፊልም ለማውጣት ይበደራል፤ ብዙዎቹ ወጪያቸውን አይመልሱም፤ ዕዳው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ደረሰ። በ1991 ጥሬ ገንዘብ ሲያጥረው የሠራውን «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» ሳያወጣው ለፓራማውንት አሳልፎ ሸጠ። ፊልሙ በኖቬምበር ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በቀጣዩ ወር ኦሪዮን ፍርድ ቤት ቀረበ። የዕዳ ክፍያ የሚያስጨንቀው ሰው ከሁሉ በፊት የሚሸጠው ገዢ የሚያገኝለትን ነው፤ ገዢ የሚያገኘው ደግሞ ምርጡ ዕቃው ነው።

ካነንና ካሮልኮ፦ እህሉ ሳይታጨድ

በ1980ዎቹ ሌላ ዘዴ ተስፋፋ፤ ቅድመ ሽያጭ። ፕሮዲዩሰሩ የታዋቂ ተዋናይ ስምና አንድ ፖስተር ይዞ ወደ ካን የፊልም ገበያ ይሄዳል። ለጀርመን፣ ለጃፓን፣ ለብራዚል አከፋፋዮች ያልተሠራውን ፊልም መብት ይሸጣል። ውሎቹን ባንክ አስይዞ ይበደርና ፊልሙን ይሠራል። ገበሬ እህሉን ማሳ ላይ እያለ እንደሚሸጠው ነው፤ ዘር መግዣ ያገኛል፣ ምርቱ ሲያምር ግን ጎተራው የሌላ ነው።

ሁለቱ እስራኤላውያን የአጎት ልጆች ሜናሄም ጎላን እና ዮራም ግሎበስ በ1979 ካነንን በርካሽ ገዝተው በዚህ ዘዴ አሳደጉት። ርካሽ የድብድብ ፊልሞችን በገፍ እያመረቱ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለታላላቅ ዳይሬክተሮች ገንዘብ ይሰጡ ነበር። በ1986 የእንግሊዙን የቶርን ኢ ኤም አይ ሲኒማ ቤቶች፣ የኤልስትሪ ስቱዲዮና የፊልም ክምችት ጠቅልለው ገዙ። ይህ ለነጻ ስቱዲዮ የማይገኝ ዕድል ነበር። ዕዳው ስለበረታባቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ የፊልም ክምችቱን ሸጡት። በ1987 የወጣው አራተኛው «ሱፐርማን» በጀቱ በግማሽ ገደማ ተቆርጦ ተሠራ፤ ተመልካቹም ጉድለቱን በዓይኑ አየው። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሂሳባቸውን መረመረ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ወደ ጣሊያናዊው ጃንካርሎ ፓሬቲ እጅ ገባ፤ ጎላንም በ1989 ለቀቀ።

ማሪዮ ካሳር እና አንድሪው ቫይና የመሠረቱት ካሮልኮ የበለጠ ሩቅ ሄዷል። አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ቤት ያደገ ትውልድ ሁሉ የሚያውቀው «ራምቦ» የእነሱ ሥራ ነው። የ1985ቱ ሁለተኛው «ራምቦ» በዓለም ዙሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ኦሪዮን ያከፋፈለውን «ተርሚኔተር» መብት ከሄምዴል ገዝተው በ1991 ሁለተኛውን ክፍል አወጡ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ሆኖበት በዓለም ከ500 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። መብትን መግዛት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ሆኖም ካሮልኮ ባንድ እጁ የያዘውን በሌላው ይበትን ነበር። ለተዋናዮች በገበያው የማይታወቅ ክፍያ ይከፍላል፤ ለአርኖልድ ሽዋርዘኔገር የክፍያው አካል ሆኖ የተሰጠው የግል አውሮፕላን ነበር። የውጭ መብቶቹ ቀድመው የተሸጡ ስለሆኑም ትልቁ ስኬት ሲመጣ ትርፉ በብዙ አገር አከፋፋዮች ተበታትኖ ይቀራል።

ካሮልኮን የገደለው «ካትስሮት አይላንድ» የተባለው የባሕር ላይ ወንበዴዎች ፊልም ነው ይባላል። ፊልሙ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ 10 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ማስገባቱ እውነት ነው። የቀን ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ካሮልኮ የኪሳራ ማመልከቻውን ያስገባው በኖቬምበር 1995 ሲሆን ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በዲሴምበር ነው። ተመልካች ፊልሙን ከመፍረዱ በፊት ድርጅቱ አልቆለታል። ክምችቱም ወደ ፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ሄደ።

ጎልድክረስትና ሚራማክስ፦ ሌሎች ሁለት መንገዶች

በእንግሊዝ ጄክ ኤበርትስ በ1977 የመሠረተው ጎልድክረስት የጀመረው በጥንቃቄ ነበር። ለ«ቻሪየትስ ኦቭ ፋየር» ጽሑፍ ማዘጋጃ አነስተኛ ገንዘብ ሰጠ፤ ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ሆነ። በ«ጋንዲ» ላይ ዋና ገንዘብ አቅራቢ ሆኖ ገባ፤ ስምንት ኦስካር መጣ። ኤበርትስ በ1984 ሲለቅ ተተኪዎቹ ሦስት ውድ ፊልሞችን በአንድ ጊዜ ጀመሩ። «ሪቮሉሽን» ከ19 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጪው አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር እንኳ አላገኘም። «አብሶሉት ቢጊነርስ» ከበጀቱ አለፈ። «ዘ ሚሽን» በ1986 በካን የወርቅ ዘንባባውን ቢያሸንፍም ጉድጓዱን አልሞላም። በ1987 ድርጅቱ ተሸጠ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢጀመር ኖሮ ኪሳራውን ይችለው ነበር፤ ሦስቱን ያንድ ዓመት ገንዘብ ሊሸከማቸው አልቻለም።

ሚራማክስ ደግሞ ከሥነ ምግባር ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። የዋይንስቲን ወንድማማቾች በ1979 የመሠረቱትን ድርጅት በ1993 ለዲዝኒ ሸጡ፤ በዓመቱ በ8 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው «ፐልፕ ፊክሽን» ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2005 ሲለቁ ስሙም ክምችቱም ዲዝኒ ጋር ቀረ። አዲስ ያቋቋሙት ኩባንያ፣ ሃርቪ ዋይንስቲን በሴቶች ላይ ለዓመታት ያደረሰው ወሲባዊ ጥቃት በኦክቶበር 2017 ይፋ ሲወጣ በስድስት ወር ውስጥ ከሰረ፤ ግለሰቡም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። አንድ ሰው ሁሉንም በር በሚከፍትበትና በሚዘጋበት ቤት ውስጥ ብዙዎች አውቀው ዝም አሉ። ነጻነት ለአለቃው ብቻ ሲሆን ለተቀሩት ሠራተኞች ወጥመድ እንደሚሆን ይህ ታሪክ ያስተምራል። ውድቀቱም የሚያሳዝን አይደለም፤ የሚያሳዝነው መዘግየቱ ነው።

ያልወደቁት

ታዲያ የሚዘልቅ ነጻ ፊልም ሠሪ የለም ወይ? አለ፤ አንደኛው ምሳሌ የእኛው ሰው ነው። ጎንደር ተወልዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ በ1993 ስለ ባርነት የሚተርከውን «ሳንኮፋ» ሲያጠናቅቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። ከባለቤቱ ከፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤት ራሱ ተከራየ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ በየከተማው ፊልሙን ተቀብሎ አሳየው። በተገኘው ገቢ ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ተከፈተ። ሌላው ፊልሙ «ጤዛ»ም በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አሸነፈ። «ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ሲቀርብ ከወጣ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ያን ጊዜ አከፋፋይ ያጣው ፊልም ዛሬም የሠሪው ነው። ይህ መንገድ አዝጋሚ ነው፤ በአንድ ፊልምና በሌላው መካከል ብዙ ዓመት ያልፋል፣ ሀብታምም አያደርግም። ግን ማንም ከእጁ አልነጠቀውም።

በአሁኑ ዘመን ስሙ ጎልቶ የሚጠራው በ2012 የተቋቋመው ኤ24 ነው። በማከፋፈል ጀምሮ በ«ሙንላይት» ወደ ፊልም መሥራት ተሻገረ፤ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ያ ፊልም በ2017 ምርጥ ተባለ። በ2023 ደግሞ «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ሰባት ኦስካር ወሰደ። ድርጅቱ በ2022 ከባለሀብቶች 225 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል፤ የፊልሞቹ በጀትም ከፍ እያለ ነው። ጎልድክረስትም፣ ካሮልኮም ወደ ገደሉ የተጠጉት በዚሁ ደረጃ ላይ ነበር። ኤ24ን የሚያድነው በራሱ ገንዘብ የሠራቸውን ፊልሞች መብት እስከ መጨረሻው መያዙና በርካሽ የመሥራት ልማዱን አለመተዉ ይሆናል።

ፍርዱ

በማርች 2022 አማዞን ኤም ጂ ኤምን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በገዛው ክምችት ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ፊልሞች አሉ። የዩናይትድ አርቲስትሱ «ሮኪ» እዚያ ነው፤ በኋላ ኤም ጂ ኤም እጅ የገባው የኦሪዮኑ «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ»ም እዚያ ነው። ድርጅቶቹ ፈረሱ እንጂ ፊልሞቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ለገዛቸው ነው። የፊልም ሥራ አያዋጣም የሚለው አባባል ከዚህ አንጻር ልክ አይደለም። ፊልም ያዋጣል፤ የሚያዋጣው መብቱን ይዞ ለቆየ ነው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ዛሬ የአማርኛ ፊልም ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ሕይወቱን የሚያገኘው በአብዛኛው በዩቲዩብና በቴሌቪዥን ነው። ቤቱን አስይዞ፣ ከዘመድ ተበድሮ ፊልም የሠራ ፕሮዲዩሰር ዕዳው ሲያስጨንቀው ባንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ መብቱን ሁሉ ለዘለዓለም ፈርሞ ሊሰጥ ይፈተናል። ለእነዚህ ሰዎች የማስተላልፈው መልእክት አጭር ነው። መብታችሁን አከራዩ እንጂ አትሽጡ፤ የግድ ከሆነም ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ አገር ብቻ ይሁን። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩ። ሁለተኛውን ፊልም የመጀመሪያው ሳይከፍል አትጀምሩ። የፊልም ማኅበራትም አባሎቻቸው የሚጠቀሙበት አንድ መነሻ የውል ናሙና ቢያዘጋጁ ከብዙ የሽልማት ምሽት የበለጠ ዘርፉን ይጠቅማሉ።